የገንዳ ማጥሪያው ፈሳሽ ለምን ይሸታል? ሽታው የሚነግረንና የማይነግረን

ቪላ ቤት የምትሠሩ ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ። ግቢ ውስጥ ገንዳ አለ፣ አረቦቹ መስበህ የሚሉት። ከሞተሩ አጠገብ ደግሞ ጀሪካን የተደረደረባት ጠባብ ክፍል አለች። የገንዳ ሠራተኛው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይመጣል፣ እሱ ሲቀር ግን ሥራው ወደኛ ይዞራል። "ከዚህ አንድ ክዳን ጨምሪ ብቻ" ይባላል። ክዳኑን ስንከፍተው አንዱ ጀሪካን የቆየ ዓሣ ይሸታል፣ አንዱ ሽንት ሽንት ይላል፣ አንዱ አፍንጫ ሰንጥቆ ይገባል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሽታ የለውም። ከዛ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ "ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ ጠረኑ ነው?"

መልሱ እንደ ጀሪካኑ ይለያያል። እኔ በምሠራበት ቤት ገንዳውን የሚያጸዳው ከኬረላ የመጣ ሰው ነው፤ ከሥራው ጎን ለጎን የጠየቅኩትን ሁሉ ሳይሰለች ያስረዳኛል። ከሱ የሰማሁትንና ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን እያያያዝኩ ያወቅኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ውሃውን የሚያጠራው ምንድነው?

ድፍርስ ውሃ ውስጥ ያለው ቆሻሻ በጣም ደቃቅ ነው። አሸዋ ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይወርድ ነበር። ደቃቁ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ ማግኔትን በአንድ ዓይነት ጫፉ ስታገናኙት እንደሚገፋፋው ማለት ነው። ስለዚህ አይሰበሰብም፣ አይዘቅጥም፣ ማጣሪያውም አይዘውም፣ ያመልጣል። ፖሊመር የሚባለው ኬሚካል እንደ ዶቃ ተሰክቶ የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ነው። ለገንዳ የሚሸጠው አብዛኛው የቆሻሻው ተቃራኒ ሙል አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ቅንጣቶቹን እየያዘ ያጣብቃቸዋል፣ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ይሆናሉ፣ ከዛ ወይ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ ወይ ማጣሪያው ይይዛቸዋል።

ይሄ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ድፍርስ ውሃ ላይ ሲጨመር ውሃው ይጠራል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንደዚሁ ተቃራኒ ሙል ስላለው ነው። ውሃ አጋርን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እሱ ግን ክሎሪን ብቻ ነው፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ድፍርሱን አያጠራም። ገንዳውም ቤት እንደዛው ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። ክሎሪኑ ይገድላል፣ ፖሊመሩ ይሰበስባል። ሁለቱን የምንለይበት ምክንያት አለኝ፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በነገራችን ላይ እዚህ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንጠጣው ውሃ አብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የውሃ ፋብሪካዎቹም ፖሊመር ይጠቀማሉ፣ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹም ጭቃውን ከውሃው ለመለየት ይጠቀሙበታል። ወንድሞቻችን እዛ የሚሠሩ ካሉ ከዚህ በታች ያለው ለነሱም ይሆናል።

ዓሣ ዓሣ የሚለው

በብዛት የምንጠይቀው ስለዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ለገንዳ ማጥሪያ ከሚሸጡት ፖሊመሮች ብዙዎቹ ሲሠሩ አሚን የሚባል ነገር ይገባባቸዋል። አሚን ማለት ዓሣን ዓሣ የሚያሸተው ራሱ ነው። የሰው አፍንጫ ደግሞ ይሄን ሽታ በጣም ጥቂት ሆኖ እንኳ ይለየዋል። ስለዚህ ቀለል ያለ የዓሣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ከፋብሪካው ሳይያያዝ የቀረ ትንሽ ትርፍ ነው። አዲስ ሲከፈት እንደዛ ከሸተተ፣ ሁለተኛውም ጀሪካን እንደዛው ከሸተተ፣ ጠረኑ ነው።

ልብ የምትሉት ሽታው ሲለወጥ ነው። ባለፈው ቀለል ያለው ዛሬ ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ አንድ ነገር ሆኗል። ወይ ፋብሪካው የሰጠው የዚህኛው ዙር ምርት ጥራቱ የወረደ ነው፣ ትርፍ አሚን በዝቶበታል፤ ወይ ሙቀት ላይ ቆይቷል፤ ወይ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቅበትን ምክንያት አስቡት። ሎሚ አሲድ ስለሆነ አሚኑን ይይዘዋል፣ ሽታው ይጠፋል። የሎሚ ተቃራኒ የሆነ ነገር፣ ማለትም ለገንዳ የሚጨመረው ሶዳ ዓይነት ዱቄት ሲገባበት ደግሞ የተያዘው አሚን ይለቀቅና ሽታው በአንዴ ይበረታል። ሶዳ የተለካበትን ማንኪያ ሳያጥቡ ማጥሪያው ውስጥ ከነከሩት ይሄ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ "እንግዲያው ሎሚ ወይም አሲድ ጠብ ላድርግበት" የምትል እንዳትኖር። ጀሪካን ውስጥ ምንም አይጨመርም። ሽታውን ለማጥፋት ኬሚካል በኬሚካል ላይ መጨመር ነው ሆስፒታል የሚያስገባው።

ሌሎቹ ሽታዎች

ሽንት ሽንት ወይም የፀጉር ቀለም የሚሸት ከሆነ አሞኒያ ነው። ፖሊአክሪላማይድ የሚባለው ዓይነት ሲያረጅ፣ ሙቀት ሲያገኘው ወይም ሶዳ ሲነካው ከሰንሰለቱ ላይ እየተቆረሰ አሞኒያ ይወጣል። ይሄ ሽታ ብዙ ጊዜ የእርጅና ምልክት ነው። ቀኑን እዩት። በአረብኛ "ታሪኽ አል-ኢንቲሃእ" ካለ ማብቂያው ቀን ነው።

ላምባ ላምባ የሚለው ደግሞ ፖሊመሩ በዘይት ውስጥ ተበትኖ ስለሚሸጥ ነው። ወተት የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ነው፣ ፋብሪካና ትልልቅ ማጣሪያ ቦታ እንጂ ሰው ቤት ብዙም አይገኝም። ሽታው የራሱ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ከቆየ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ሳይናጥ ከላይ የቀዳ ሰው ዘይቱን ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ከዛ "አይሠራም" ይላል። እሳት አጠገብ ግን አይቀመጥም።

የበሰበሰ እንቁላል ወይም ሻጋታ የሚሸተው በውሃ ተበጥብጦ የተረፈው ነው። ፖሊመር አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ብዙ አይቆይም፣ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። በዚህ አገር በጋ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ቀን በቂው ነው። እንደዚህ የሸተተ ብጥብጥ ሥራ አይሠራም። ለገንዳ ሠራተኛው አሳዩትና እሱ ያስወግደው፤ አትክልት ላይ ወይም መንገድ ላይ አትድፉት።

ማጥሪያው በረኪና ከሸተተ ግን ቁሙ። ፖሊመር በረኪና አይሸትም። እንደዛ ከሸተተ ክሎሪን በተለካበት ክዳን ተለክቷል፣ ወይም ሰው ሁለቱን ቀላቅሏል። ክሎሪን የፖሊመሩን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፣ ጥራቱ ያልቃል። ይባስ ብሎ ከአሚኑና ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ክዳኑን መልሳችሁ ከክፍሉ ውጡ።

አለመሽተቱ ማስረጃ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፖሊአክሪላማይድ ዱቄቱ ነጭ ነው፣ ስኳር ይመስላል፣ ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። ሰንሰለቱ ራሱ ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሰንሰለት ሳይሆን የቀረ ነጠላ ዶቃ አለ፣ አክሪላማይድ ይባላል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል ተብሎ ይጠረጠራል። እሱም ሽታ የለውም። ስለዚህ ጥራት ማለት በአፍንጫ የሚለካ አይደለም፣ በላቦራቶሪ የሚለካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በአንድ ሊትር 0.5 ማይክሮግራም ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት 0.1 ብሎ አጥብቆታል። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፣ እንግዲህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ገምቱት። ለመጠጥ ውሃ የሚሠራው ፖሊመር በዚህ መጠን ተመርምሮ ነው የሚሸጠው። ለገንዳና ለፍሳሽ የሚሸጠው ግን ለመጠጥ ተብሎ አልተመረመረም።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውሃው ሲደፈርስ "ከገንዳው ማጥሪያ ትንሽ ጨምሪበት" የሚሉ አሠሪዎች አሉ። እኛም ከዛው ነው የምንጠጣው፣ ልጆቹም የሚታጠቡት። ታንከር የሚጠራው በኬሚካል ሳይሆን ተደፍቶ፣ ተፍቆ፣ ታጥቦ ነው። "ማዳም፣ ሃዳ ሚሽ ሊሹርብ" በሏት፣ ይሄ ለመጠጥ አይደለም ማለት ነው። አብዛኞቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፤ የራሷም ልጅ እኮ ነው የሚጠጣው።

ሁለተኛው ባዶ ጀሪካን ነው። ጠንካራና ክዳኑ ጥሩ ስለሆነ እንወደዋለን፣ ውሃ ማጠራቀሚያ እናደርገዋለን፣ አንዳንዷ የምግብ ዘይት ትገለብጥበታለች። ምንም ብታጥቡት ፕላስቲኩ የመጠጠው አይለቅም። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም፣ በቃ። ስትጥሉትም ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ብሱት።

ይሠራል አይሠራም እንዴት ይታወቃል?

ይሄ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከገንዳው ድፍርስ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ማሰሮ ቅዱ፤ የምግብ ያልሆነ፣ ተመልሶ ወደ ወጥ ቤት የማይገባ ይሁን። አንዱ ላይ አንዲት ጠብታ ማጥሪያ አድርጉና ቀስ ብላችሁ አማስሉት። ትንሽ ጠብቁና ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። ደህናው ማጥሪያ ከሆነ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነገር ይሠራል፣ ውሃው ከሌላኛው ይልቅ ይጠራል። ምንም ካልተለወጠ ፈሳሹ ሞቷል። ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ጄል የረጋ ጓል ካለ ወይም ድሮ እንደ ማር ይወፍር የነበረው እንደ ውሃ ከቀጠነም ያው ነው።

ሳይሠራ ሲቀር ሰው የሚያደርገው መጨመር ነው። "አንድ ክዳን ካልበቃ ሦስት" ይላሉ። ፖሊመር ግን ሲበዛ ተገላቢጦሽ ይሠራል። ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ ሲለብሱት አሁንም አንድ ዓይነት ሙል ይኖራቸዋል፣ እንደገና ይገፋፋሉ፣ ውሃው ከበፊቱ ይብስ ይደፈርሳል። የማጣሪያው አሸዋም ተጣብቆ ይደፈናል። ያን ጊዜ "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" የሚለው ይመጣል። ስለዚህ ስንት ክዳን እንደታዘዛችሁ፣ መቼ እንደጨመራችሁ በስልካችሁ ጻፉት፣ የጀሪካኑንም ፎቶ አንሱ።

የፈሰሰ እንደሆነ

ፖሊመር ወለል ላይ ሲፈስ ከሳሙና በላይ ያንሸራትታል። ውሃ ስታፈሱበት ደግሞ ይባስ ይነፋል፣ ይዘረጋል፣ በረዶ ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ ምክንያት እጇን ተሰብራለች፤ ወለሉን በውሃ ልታጥብ ብላ። መጀመሪያ አሸዋ ወይም የድመት አሸዋ በላዩ በትኑ፣ እስኪመጥ ጠብቁ፣ ጠርጋችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ ውሃ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው።

ትልቁ አደጋ ጎረቤቱ ጀሪካን ነው

እውነቱን ለመናገር ማጥሪያው ራሱ ቶሎ አይገድልም። የሚገድለው አጠገቡ የተቀመጡት ሁለቱ ናቸው፣ ክሎሪንና አሲድ። የገንዳ ፈሳሽ ክሎሪን ልብስ ከምናነጣበት በረኪና እጥፍ ያህል የበረታ ነው። አሲዱ ደግሞ የገንዳውን ውሃ ለማስተካከል የሚጨመር ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተጨረሱበት ጋዝ ይሄው ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክሎሮክስና ፍላሽ ስንቀላቅልም የምናወጣው እሱኑ ነው፣ "ይበልጥ ይነጣል" እያልን። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለል ላይ ተንበርክካ የምትፈትግ ሴት ቀድማ ነው የምታገኘው።

የዱቄት ክሎሪንም ሁሉም አንድ አይደለም። ሁለት ዓይነት የገንዳ ክሎሪን በደረቁ ቢቀላቀሉ እሳት ሊነሳ ይችላል። አንዱን የቀዳችሁበትን ማንኪያ ሌላው ውስጥ አታግቡ። ሁልጊዜም ኬሚካሉ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኬሚካሉ ላይ አይፈስም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ስለምናስብ። ገንዳው ዙሪያ "ክሎሪን ክሎሪን" ሲሸት ክሎሪን በዝቷል እንላለን። የሚሸተው ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ንጹሕ ገንዳ ብዙም አይሸትም። ልጆቹ ዓይናችን ተቃጠለ ሲሉ፣ ሽታው ሲከብድ፣ ውሃው ቆሽሿል ማለት ነው።

ፊደሉን ማንበብ ለማትችሉ ቀይ ክፈፍ ያለው ምልክት አለ። የተበላ እጅና ብረት ካለበት ያቃጥላል። ክብ ላይ እሳት ከተሳለ እሳት ያባብሳል። ራስ ቅል ካለበት መርዝ ነው። በአረብኛ "ኸጠር" ካለ አደጋ፣ "ሳም" ካለ መርዝ ማለት ነው። ጓንት ሳትጠይቁ አትንኩ፤ "ቀፋዛት" በሉ፣ ሊባኖስ ያላችሁ "ክፉፍ"። የፕላስቲክ መነጽር ካለም ጥሩ ነው። የወረቀት ማስክ ግን ጋዝ አያስቆምም፣ ማስክ አድርጌያለሁ ብላችሁ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዳትቆዩ። አስም ያለባት ልጅ ጭራሽ አትግባ።

"አልሠራም" ማለት ለሁላችንም እኩል አይቀልም፣ አውቃለሁ። ኩዌት ያላችሁ ግን በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪው ጤና የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያዝ ይከለክላል። ሊባኖስ ላይ የሠራተኛ ሕጉ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፣ ስለዚህ እዛ ያላችሁ በቃል መግባባት ላይ ነው የምትቀሩት። "ማዳም፣ ሪሓ ቀዊያ፣ ማ አቅደር አተነፈስ፣ ላዚም ዓሚል አል-መስበህ" ማለት፣ ሽታው ከባድ ነው፣ መተንፈስ አልቻልኩም፣ የገንዳው ሠራተኛ ነው የሚያስፈልገው ማለት ነው። ከጭቅጭቅ ይሻላል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ከተነፈሳችሁት ወዲያው ወደ ውጭ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት። ጋዝ የተነፈሰ ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፣ "አሁን ተሻለኝ" ብላችሁ ተኝታችሁ እንዳታድሩ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ የጀሪካኑን ፎቶ አሳዩት፣ የቋንቋ ችግር ቢኖር እንኳ እሱ ይናገራል። አምቡላንስ፦ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999፣ ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140።